የመዝሙሩ ካሴት ጀርባ

ከባሌ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ተራ ነገር አብሮ ዝም ማለት ነው።

አልጋችን ላይ ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አስቀምጠን ነበር። አንደኛው የእኛ ነው፣ ሁለተኛው ከጎረቤት መምህር የተዋስነው። አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ይቀዳል። በዚያን ጊዜ ከቴፕ ወደ ቴፕ የሚያገናኝ ገመድ ያለው ሰው ደብረ ታቦር ውስጥ አላውቅም። ሁሉም የሚቀዳው እንደዚያ ነበር፤ ቴፖቹን አፍ ለአፍ አግጥሞ፣ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ። ዶሮዎቹን ወደ ጓሮ አባረርናቸው። ባሌ የጠረጴዛውን ሰዓት በጋቢ ጠቅልሎ ጓዳ አስገባው። የጣሪያው ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ጠሽ ጠሽ ይላል። እሱ ጠሽ ባለ ቁጥር ቀና እያለ ጣሪያውን በዓይኑ ይቆጣዋል።

ዋናው ካሴት የእኛ አልነበረም። አንድ የሒሳብ መምህር ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣ ነው። በማግስቱ ወደ እብናት ተዛውሮ ስለሚሄድ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ያዋሰን። ዘፋኙ ወፍራም ድምፅ አለው። ከኋላው ሙሉ ኦርኬስትራ ተሰልፏል፤ ብዙ ቫዮሊን፣ ከቫዮሊኑ ሥር የሚያጉረመርም ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ፣ ዋሽንት፣ አንዳንዴም ዘግይቶ የሚደርስ ጥሩምባ። ትከሻ የሚመታበት ዘፈን አንድም የለው። ሰውየው ለማንም አይዘፍንም፤ የሚናገረው ለራሱ ነው። ስለ ፍቅር ሊዘፍን የተነሣ መስሎ ይጀምርና መሃል ላይ ራሱን ይጠይቃል፤ ደጄን የዘጋሁት እኔ ነኝ ወይስ ተዘግቶብኝ ነው፣ ስመለስ የሚከፍትልኝ ማን ነው፣ እያለ።

ባሌ ይህን ካሴት ከምግብ አስበልጦ ይወደው ነበር። እኔ ያን ያህል አልወደድኩትም። ዛሬ እሱ ስለሌለ ወድጄው ነበር ብዬ መጻፍ አልፈልግም። ቫዮሊኑ ይበዛብኝ ነበር። አንድ ቀን እንደዚያ ስለው፣ እኛ አገር ሰው የሚያዝነው ተሰብስቦ ነው፣ ይህ ግን ብቻውን ለሚያዝን ሰው የተሠራ ዘፈን ነው አለኝ። ብቻውን የሚያዝን ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ሳቅሁበት። እንደዚያ ያለ ሰው አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጉሮሮዬን በላኝ። ያዝሁት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። በመጨረሻ አመለጠኝና አንድ ደረቅ ሳል ሳልሁ። ባሌ መዳፉን አፉ ላይ ጭኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ድምፅ ግን አላወጣም። ካሴቱ አልቆ ቁልፉ ቋ ሲል፣ "እንግዲህ አንቺም ኦርኬስትራው ውስጥ ገባሽ" አለኝ።

የቀዳንበት ካሴት የቀበሌው ነው። ባዶ ካሴት ገበያ ላይ አይገኝም ነበር። የአብዮት መዝሙር የተቀዳባቸው ካሴቶች ግን ለየመሥሪያ ቤቱ በነፃ ይላካሉ። ፊታቸው መዝሙር ነው፣ ጀርባቸው ረጅም ንግግር። ንግግሩን የሚያዳምጥ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ካሴቱ ጠርዝ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በወረቀት መወተፍ ነው፤ ከዚያ ንግግሩ ላይ የፈለጉትን መቅዳት። እንደ እኔና እንደ ባሌ ያለ መምህር ሁሉ ያደርገዋል። የቀበሌው ጸሐፊ የእህቱን ሠርግ የቀዳው እንደዚያ ባለ ካሴት ጀርባ ላይ ነው። ባሌ ሽቦና ባትሪ ስለሚያውቅ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በእሱ ኃላፊነት ነበር፤ ካሴቶቹም እኛ ቤት ነበር የሚያድሩት።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉት ልጆች ሽኝት ሆነ። አደባባዩ ላይ የቀበሌው ሕዝብ ወጥቷል፤ እኔም የክፍሌን ተማሪዎች ይዤ ቆሜያለሁ። ልጆቹ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተጭነዋል፤ ሁለተኛው መኪና አልደረሰም። እናቶቻቸው ከመኪናው ሥር ተኮልኩለው በሶና ዳቦ ያቀብላሉ። ከነሱ መሃል የአጥር ጎረቤታችን ነበረች። እቴሜቴ ነው የምላት። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ በርበሬ እየቀጠቀጠች ልጆቿን ያሳደገች። ሁለቱም ወንዶች ልጆቿ መኪናው ላይ ነበሩ። ስታያቸው ትስቅ ነበር። ትልቁን፣ "እንግዲህ አንተ ጠመንጃ ስትይዝ ጠላት በሳቅ ነው የሚሞት" ስትለው ሰምቼ እኔም ስቄያለሁ።

መዝሙሩ ሲሰማ ቆይቶ አለቀ። ባሌ ከቤታችን ባመጣው ቴፕ አጠገብ አልነበረም፤ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እንዲያሰልፍ ወዲያ ማዶ ተልኳል። መኪናው ሲዘገይ፣ ዝምታው ሲረዝም፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ጠረጴዛው ሄደና በገዛ እጁ ካሴቱን ገለበጠው።

የመጀመሪያው ዘፈን የሚጀምረው በኦርኬስትራው ብቻ ነው። ጥሩምባ አለው፣ ከበሮ አለው፣ ትልቅ ነገር ሊታወጅ ይመስላል። ሊቀመንበሩ ከበላይ የመጣ አዲስ መዝሙር መሰለው። ቀጥ ብሎ ቆመና ግራ እጁን ጨብጦ አነሣ። ዘቦቹም አነሡ። ተቀምጦ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ተነሣ። እኔ ዘፈኑን አውቄዋለሁ፤ ተማሪዎቼ መሃል እንደ ድንጋይ ደርቄ ቀረሁ። ባሌ ከማዶ ሕዝቡን እየገፋ ሲሮጥ አየሁት፤ ግን አደባባዩ ሰፊ ነው፣ መዝሙር እየተዘመረ አይታለፍም ብለውም ዘቦቹ ያዙት። ጥሩምባው ወደቀ፣ ቫዮሊኑ ቀጠነ፣ ዘፋኙ ስመለስ ደጁን ማን ይከፍትልኛል እያለ ገባ።

ማንም ሊያጠፋው አልደፈረም፤ ሊቀመንበሩ ራሱ ያስገባው ነውና። እሱም እጁን ሊያወርድ አፈረ። በዚህ መሃል እቴሜቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው። ለቅሶ የገባች ሴት እንደዚያ ነው የምታደርገው። ደረቷን መታች። የትልቁን ልጇን ስም ጠራች፣ ቀጥላም የትንሹን፣ ሙሾ ታወርድላቸው ጀመር። ሌሎቹ እናቶች ተከተሏት። ልጆቹ መኪናው ላይ ቆመው የገዛ ለቅሷቸውን ያያሉ። አንዱ አለቀሰ፣ ሌላው ጎኑ የቆመውን አቅፎ አለቀሰ። ባሌ ቴፑ ጋ ደርሶ ሽቦውን ሲነቅለው ካሴቱ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ደርሶ ነበር። ሳሌም በዚያ ሁሉ ሰው ላይ ጮሆ ተሰምቶ ነበር።

ሙዚቃው ከቆመ በኋላ የሆነው ከዚያ ይከፋል። እናቶቹ ያደረጉት ነገር ገባቸው። በቁሙ ያለ ልጅ አይለቀስለትም፤ ሟርት ነው፣ ሞቱን መጥራት ነው። እቴሜቴ ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። መኪናው ሲነሣ ቀና ብላ ልጆቿን አላየቻቸውም።

በማግስቱ ባሌን ወሰዱት። እኔን ደግሞ ከጎረቤት መምህር የተዋስነውን ሌላውን ቴፕ ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስገባ ባሌ መሃል ወለሉ ላይ ቆሟል፤ ሊቀመንበሩ ካሴቱን እያጫወተ ነው። ሳሉ ላይ ሲደርስ ያቆመዋል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ እንደገና ያሰማዋል። የሕዝብ ሁሉ ዓይን ያየው እሱ ራሱ ካሴቱን ሲገለብጥ ስለሆነ ሌላ ጥፋት ያስፈልገው ነበር።

"ጓድ መምህር፣ ይህ ምልክት ነው። ለማን ነው የተላለፈው?"

"ሳል ነው" አለ ባሌ።

"የማን?"

"የኔ።"

"እስኪ ሳል።"

ባሌ ሳለ። ሊቀመንበሩ ካሴቱን አጫውቶ አነጻጸረው። ራሱን ነቀነቀ።

"አይመስልም። ቀጠን አድርገው።"

ባሌ ቀጠን አድርጎ ሳለ። በር ላይ የቆሙት ዘቦች ሳቁ። እኔ ሳሉ የኔ ነው አልሁ። ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞር እንኳ አላለም።

"አንቺን የጠየቀሽ የለም። እሱ ይሳል።"

አሳሉት። እንደ ሴት ሳል፣ እንደ በግ ሳል፣ እንደ ሽማግሌ ሳል እያሉ። መጀመሪያ የውሸት ነበር፤ ኋላ ጉሮሮው ቆስሎ የእውነት ሆነ፤ ማቆም አቃተው። ሊቀመንበሩ ያን ጊዜ ቴፑን አጠፋና ፍርዱን እየሳቀ ሰጠ። "ልጆቹን አስለቅሶ የሰደዳቸው እሱ ነው። ሄዶ ያባብላቸው።"

በቀጣዩ መኪና ሄደ። ያን ቀን ሙዚቃ አልነበረም፣ ሸኚም አልነበረም። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውን አስጠግኚ አለኝ፤ ሌላ ትልቅ ነገር አልተናገረም። ቴፖቹንም ካሴቱንም ቀበሌው ለማስረጃ ብሎ አስቀራቸው።

ከዚያ በኋላ ዓመት አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ። መጀመሪያ የመጣው የእቴሜቴ ትልቅ ልጅ መርዶ ነው። እኛ አገር መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፣ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል፣ ሴቶች ገብተው ግራና ቀኝ ይይዟታል፣ ከዚያ ነው የሚነገራት። ለእሷም እንደ ወጉ ተደረገ። ጩኸቱን በአጥር በኩል ሰምቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሮጥሁ። ዳሱ ውስጥ ስታየኝ ማልቀሷን አቆመች።

"አንቺ ያን ጊዜ አስለቅሰሽለት የለም እንዴ? ምን ቀረሽ? ሂጂ።"

ሁለት ሴቶች በክርኔ ይዘው አስወጡኝ። ከመካከላቸው አንዷ ልጇን ያስተማርሁላት ናት።

ወራት ቆይቶ ትንሹ ልጇ ተመለሰ፤ ግራ ክንዱ የለም። ባሌ ከነሱ ጋር አንድ ማሠልጠኛ እንደነበረ ቀድሞ ሰምቼ ነበርና በዚያው ቀን ሄድሁ። እቴሜቴ በሩ ላይ ቆማ፣ "ተኝቷል" አለችኝ። በማግስቱም ተኝቷል። በሳምንቱም ስሄድ ተኝቷል፤ ልጁ ግን ከኋላዋ ግቢው ውስጥ ቆሞ ያየኛል።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ተለወጠብኝ። ቦኖ ስደርስ ወሬ ይቆማል። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር የሠርግ መዋጮ ሲያሰባስብ እኔን ዘለለኝ፤ ለቅሶ ያለበትን ሰው እንደሚዘሉት። ባለሱቁ ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ አንሥቼ ሳይ እጁን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ተቀበለኝና መልሶ ሰቀለው። የንስሐ አባቴን፣ አባ፣ ባሌ በሰላም እንዲመለስ ይጸልዩልኝ ስላቸው መሬት መሬት እያዩ፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ፣ "ማለቴ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ" ብለው አረሙት።

ያኔ አወቅሁ። ግን ማወቅ መርዶ አይደለም። ሳያረዱኝ ጥቁር ብለብስ ባሏን በቁሙ የገደለች እባላለሁ። ፍትሐት አይደረግለትም፣ ተዝካር አይወጣለትም፣ ዳስ አይጣልም። ጎህ ሲቀድ ነቅቼ በሬን አዳምጥ ነበር። ሰው ሁሉ ይሸሸዋል፤ እኔ መርዶ ነጋሪ ናፈቅሁ። አባን ስለምናቸው ያየ ሰው ሳይመሰክር ምን ብዬ ልናገር አሉኝ። ያየው ልጁ ነው፤ እናቱ ደግሞ ከለከለች። ሽማግሌዎቹ ሄደው ሲጠይቋት፣ ልጄን ያስወሰደችብኝ ሴት ትንሽ ብትጠብቅ ምን ትሆናለች አለቻቸው ተባለ። ሽማግሌዎቹም አልገፉበትም። ብዙዎቹ በዚያ መኪና ላይ ልጅ ነበራቸው።

በዚያ ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሊቀመንበሩ አጥር በኩል አለፍሁ። ከግቢው ውስጥ ቫዮሊን ተሰማኝ። ሊቀመንበሩ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ፣ እግሩን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ እንቢ አለኝ። ሳሌ መጣ፣ አለፈ። ዓይኑን ሲከፍት አየኝ። አልደነገጠም።

"መምህርት፣ ደህና ዋልሽ? እየቆየ የሚገባ ዘፈን ነው" አለኝ።

ደህና ዋሉ ብዬ አለፍሁ። ደርግ ሲወድቅ ወዴት እንደሄደ አልሰማሁም፤ መስማትም አልፈልግም።

መርዶዬን የሰማሁት ቦኖ ላይ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። ወረፋው ረጅም ነበር። እቴሜቴ ከፊቴ ናት፤ እንደ ልማዷ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ጀሪካኔን አስቀምጬ ከፊቷ ዞርሁና ተንበረከክሁ።

"እቴሜቴ፣ ሞቷል ይበሉኝ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም። በፈለጉት ቀን፣ በፈለጉት ሰው፣ ሞቷል ይበሉኝና ላልቅስለት።"

ቁልቁል አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"እኔን ሲነጋጋ ነው ያረዱኝ" አለች። "ሽማግሌ ልከው፣ በሬን አንኳኩተው፣ ደግፈው ይዘውኝ። ላንቺ ይኸው። ሞቷል። ገና ከሄደ ክረምቱም ሳይወጣ ነው የሞተ። በይ ተነሽ፣ ውኃሽን ቅጂ፣ ተራ አታስይዢ።"

ማንም አልያዘኝም። ከኋላዬ ያለችው ሴት ጀሪካኔን በእግሯ ወደ ፊት ገፋ አደረገችልኝ። ተነሥቼ ቀዳሁ። ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁት፣ ተሸከምሁት፣ ቤቴ ደርሼ ግድግዳው ሥር አስቀመጥሁት። ከዚያ በኋላ ነው የጮኽሁት፤ ከግድግዳው በቀር የሰማኝ የለም።

እድሩ ደንቡ ነውና ዳሱን ጣለ፣ አግዳሚ ወንበሮቹንም ደረደረ። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጠ ሰው ጥቂት ነው። መምህራን ከሥራ ሲወጡ በቡድን በቡድን መጥተው አንገታቸውን ደፍተው ይቆዩና ይሄዳሉ። አማቴ ከአገሯ ከወንዛዬ ከሁለት ዘመዶቿ ጋር መጣች። ኮቱን፣ ጃንጥላውንና ፎቶግራፉን አውጥታ መሃል ሜዳው ላይ አስቀመጠችና አልቃሽ ፈለገች። አልቃሽ አልነበረም። ራሷ ጀመረች፣ የሚቀበላት ሲጠፋ ግን ድምፅዋ እየሰለለ ሄደ። "አገሩ ሰው የለውም እንዴ?" አለችኝ። ልጇ ለምን እንደተላከ የነገርኳት ያን ጊዜ ነው። ሰምታ ስታበቃ ከጎኔ ተነሥታ ሄዳ ማዶ ተቀመጠች።

በሣልስቱ ክንዱ የተቆረጠው ልጅ ዳሱ ደጃፍ ላይ ብቅ አለ። እናቱን ሳያስፈቅድ ነው የመጣ። አልተቀመጠም። አማቴ ልጄ እንዴት ሆኖ ነው የሞተ አለችው፣ እሱም እዚያው ቆሞ ተናገረ። ባሌ ጦርነቱን አላየም። ማሠልጠኛው ውስጥ በውኃ ተላላፊ ተቅማጥ ገብቶ ብዙ ልጅ ጨረሰ፣ ባሌም በዚያው ሄደ። የቀበሩት የገዛ አገሩ ልጆች ናቸው። ስሙ ማን እንደነበረ ብዙዎቹ አያውቁም አለ፤ እዚያ ሁሉም የሚጠራው አስለቃሹ እያለ ነው።

"እሱስ ምን ይል ነበር?" አልሁት።

"አቤት ይላል" አለ ልጁ።

እናቱ በአጥሩ በኩል ስሙን ጠራችው፤ እሱም ሄደ። አማቴ ኮቱን አጣጥፋ፣ ጃንጥላውን ይዛ በማግስቱ ወደ አገሯ ተመለሰች። ፎቶግራፉን ትታልኛለች።

እኔ ያንኑ ዓመት ዝውውር ጠየቅሁ። ይህን የምጽፈው ቀስ እያልሁ ነው፤ አንድ ቀን አንድ ገጽ፣ አንድ ቀን ምንም። አሁን የምኖረው ገሳይ ነው። አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። የሰፈሩ እድር ውስጥ ገብቻለሁ። ሰው ሲሞት ነጠላዬን አዘቅዝቄ እሄዳለሁ፤ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጬ አለቅሳለሁ።